ቤታችን የገባው ሕክምና፦ በደሴ በሚሰጥ የሕፃናት ኦኩፔሽናል ቴራፒ አገልግሎት ላይ የቀረበ የወላጅ ግምገማ

ደሴ ላይ ሆኖ ለልጁ ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚፈልግ ወላጅ አማራጩ እጅግ ጠባብ ነው። እዚህ የምገመግመው አገልግሎት ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሕንፃ ላይ የሚገኝ፣ ሁለት ክፍሎችና አንዲት ባለሙያ ብቻ ያሉት አነስተኛ የግል ተቋም ሲሆን፣ የቀኝ እጁና የቀኝ እግሩ ደካማ የሆነውን የስድስት ዓመት ልጃችንን ከመስከረም ወር ጀምሮ እናመላልስበታለን። ፍርዴን አስቀድሜ ለመናገር፣ የከፈልነው ገንዘብ አይቆጨኝም፤ የማይቆጨኝም በክፍሎቹ ውስጥ በተደረደሩት ዕቃዎች ምክንያት ሳይሆን፣ ባለሙያዋ የቤታችንን ማዕድ፣ የልጁን ሹራብና የግቢያችንን መጸዳጃ ቤት የሕክምናው ዋና ጉዳይ አድርጋ በመያዟ ነው። ቅሬታዎቼም ጥቂት ስላልሆኑ በየቦታቸው እገልጻቸዋለሁ።

ፊዚዮቴራፒን አብዛኛው ሰው ስብራት ወይም የወገብ ሕመም ከደረሰበት ዘመዱ የተነሣ ያውቀዋል። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ግን የልጁን ጡንቻና መገጣጠሚያ የሚመለከተው ልጁ በዕለት ኑሮው ሊሠራው ከሚገባው ነገር አንጻር ነው፦ ከመብላት፣ ከመልበስ፣ ከመታጠብ፣ ከመጸዳዳት፣ ከመጻፍና ከመጫወት። ሙያው በ1917 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በማኅበር ተደራጅቶ በ1952 እ.ኤ.አ. የዓለም ፌዴሬሽኑን ቢያቋቁምም፣ በእኛ አገር የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቱ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የተከፈተው በቅርብ ዓመታት ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ እርዳታ የፈለገ የወሎ ቤተሰብ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት፣ ልጁ ኦቲዝም ካለበትም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱትን የጆይ ማዕከል የመሰሉ ጥቂት ተቋማትን በር ማንኳኳት ነበረበት። እኛን የምትረዳን ባለሙያ የጎንደር ምሩቅ ናት።

የመጀመሪያው ቀጠሮ በሙሉ በጥያቄ አለፈ። ባለሙያዋ ልጁን ምንጣፍ ላይ በዶቃና በእንጨት ኩቦች እያጫወተች እጁን ስትመለከት፣ እኛን ከጠዋት መነሣት እስከ ማታ መኝታ ያለውን ቀን በቅደም ተከተል አስተረከችን፤ ልብሱን ማን እንደሚያለብሰው፣ ከማን ጋር በአንድ ትሪ እንደሚበላ፣ መጸዳጃ ቤት ማን እንደሚያደርሰው፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው በእግሩ ይሁን በባጃጅ ሁሉ ጠየቀች። ከዚያ በ1991 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ ዛሬ በብዙ አገሮች በሚሠራበት የካናዳ የሥራ ክንዋኔ መለኪያ አማካይነት ለቤተሰባችን ከሁሉም የሚበልጡትን ጉዳዮች ራሳችን እንድንመርጥ አደረገች። የመረጥናቸው ከትሪ መብላት፣ ሹራብና ጃኬት መልበስ፣ ብቻውን መጸዳዳትና ደብተር ላይ መጻፍ ነበሩ። ለእያንዳንዱ ጉዳይ ልጁ አሁን ምን ያህል እንደሚሠራውና እኛ ምን ያህል እንደረካን ከ1 እስከ 10 ባለው ነጥብ ይመዘናል። ለመብላት እኔ 3 ስሰጥ እናቴ፣ የልጁ አያት፣ 1 ሰጠች፤ ባለሙያዋም አማካዩን ወስዳ ልታስታርቀን ሳትሞክር ሁለቱንም ነጥቦች እንዳሉ መዘገበቻቸው። በዚህ መለኪያ የ2 ነጥብ ለውጥ ለኑሮ ትርጉም ያለው ተደርጎ ይወሰዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ በድጋሚ ስንመዝን መብላት በእኔ ነጥብ 6፣ በእናቴ 5 ሲደርስ፣ መጻፍ የጨመረው 1 ብቻ ነበር፤ ባለሙያዋም ይህን በመዝገቡ ላይ ያለ ማለባበስ «አልተሳካም፣ ዘዴው ይቀየር» ብላ አሰፈረችው። አገልግሎቱን ማመን የጀመርኩት ይህን ዓረፍተ ነገር ካነበብኩ በኋላ ነው።

በስፋት ሊነገር የሚገባው የማዕዱ ጉዳይ ነው። የልጃችን ብርቱ እጅ ግራው ነው። በወሎ ደግሞ በእስላሙም በክርስቲያኑም ቤት በግራ እጅ መብላት ነውር ነው። ልጁ ግራውን ወደ ትሪው በሰደደ ቁጥር እናቴ እጁን ቀስ አድርጋ ትመልሰው ነበር፤ እሱም በቀኙ እንጀራ መቁረስ ስለማይችል አፉን ከፍቶ ጉርሻ ይጠብቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ በጉርሻ ያደገ፣ ሁሉም የሚያዝንለት፣ ማንም ያላስራበው፣ ነገር ግን በስድስት ዓመቱ አንዲት ጉርሻ ለራሱ ጠቅልሎ የማያውቅ ልጅ ነበር። ባለሙያዋ ልማዱን ለማውገዝም፣ ግራውን እንዲጠቀም በእኛ ላይ ለማዘዝም አልቸኮለችም። በሚቀጥለው ቀጠሮም አያቱ አብራን እንድትመጣ ጠየቀች፤ በመጣችም ጊዜ «እማማ፣ አንቱ ካልፈቀዱ እኔ ምንም አልጀምርም» አለቻት።

ከዚያ በኋላ ያሳየችንን በዝርዝር ብጽፈው ለሌላ ወላጅ የሚጠቅም ይመስለኛል። ትንሽ ትሪ ላይ አንድ እንጀራ ዘረጋች፤ ትሪው እንዳይንሸራተት ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ ቆርጣ ሥሩ አነጠፈች። የልጁን ቀኝ እጅ ይዛ በመዳፉ ውስጥ ተጣጥፎ የተደበቀውን አውራ ጣት በእርጋታ ካወጣች በኋላ፣ መዳፉን ከፍታ በእንጀራው ጠርዝ ላይ አሳረፈችው። ቀኙ በክብደቱ ብቻ እንጀራውን ይይዛል፤ ግራው ይቆርሳል። መቁረሱ ራሱ ለእኛ ያለ ሐሳብ የምንሠራው ቢሆንም ቀላል ሥራ አይደለም፤ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣትና መሐል ጣት እንጀራውን ወደ ታች ተጭነው ይቆነጥጡታል፣ የእጅ አንጓ ዘወር ሲል ይቆረሳል፣ ከዚያም እነዚያው ጣቶች ቁራሹን ሳይለቁ ወጡ ላይ አጥፈውት ሳይፈስ አፍ ድረስ ያደርሱታል። ልጁ በመጀመሪያ ለስለስ ያለ ዳቦ፣ ቀጥሎ ደረቅ ፍርፍር፣ ከዚያ ወፈር ያለ ሽሮ የተቀባ እንጀራ፣ በመጨረሻም ቀጭን ወጥ እንዲለማመድ ተደረገ። እናቴ የሰፈራችንን ሼኽ ጠይቃ፣ ቀኙ ያልታዘዘለት ሰው በግራው ቢበላ እንደማይወቀስ ነግረዋት ስለነበር ልቧ አረፈ፤ አሁን ቀኙን አንሥታ እንጀራው ላይ የምታሳርፍለት እሷው ናት።

ከዚህ በስተጀርባ ያለው የሙያው አስተሳሰብ ለእኔ አዲስ ነበር። ከመወለዱ በፊት ወይም በወሊድ ሰሞን በአንጎሉ ላይ በደረሰ ጉዳት አንድ ጎኑ የደከመ ልጅ ደካማ እጁ እንደ ብርቱው እንዲሆን መጠበቅ ልጁንም ወላጁንም ያደክማል፤ ዓላማው እጁ ጥሩ ረዳት እንዲሆን ነው። ለዚህ በጥናት የተደገፉ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ብርቱውን እጅ ለተወሰነ ሰዓት በጓንት ወይም በማሰሪያ አሳርፎ ደካማውን ማሠራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሁለቱን እጆች በአንድ ሥራ ላይ አብሮ ማሠልጠን ነው። ባለሙያዋ ሁለተኛውን የመረጠችው እኛ የመረጥናቸው ሥራዎች ሁሉ ሁለት እጅ የሚፈልጉ በመሆናቸው እንደሆነ ነግራናለች። ምክንያቱን ሳንጠይቃት ማስረዳቷ ከምወድላት ጠባይ አንዱ ነው።

በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጠው የ45 ደቂቃ ቀጠሮ ብቻውን ይህን ሁሉ ሊያመጣ እንደማይችል ግልጽ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ (ከላይ እንደጠቀስኩት ባለ የአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ባለባቸው ልጆች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ አንድ የተመረጠ ዓላማ እንዲሳካ የቤቱን ልምምድ ጨምሮ ከ14 እስከ 25 ሰዓት በላይ፣ አጠቃላይ የእጅ አጠቃቀም እንዲሻሻል ደግሞ ከ30 እስከ 40 ሰዓት በላይ ልምምድ እንደሚያስፈልግ ገልጸዋል። በሳምንት 45 ደቂቃ ብቻ ቢሆን ለአንዲት ዓላማ ትንሹን ሰዓት ለመሙላት ከ4 ወር በላይ ይፈጃል፤ አራት ዓላማ ያለው ቤተሰብ ደግሞ ሂሳቡን ራሱ ያስላው። ስለዚህ ከየቀጠሮው በኋላ በአማርኛ የተጻፈና ሥዕል ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ይሰጠናል፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ልምምድ ቤት ውስጥ በየቀኑ ከሚሠራ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ ለብቻው ጊዜ የሚፈልግ አይደለም። ከሁሉም የተዋጣልን ምስር መልቀም ነው። እናቴ ሰፌዱን ጭኗ ላይ ስታስቀምጥ ልጁ በቀኙ የሰፌዱን ጠርዝ ይዞ በግራው ጠጠር ይለቅማል፤ ቀኑ ጥሩ ሲሆን ደግሞ ምስሩ በባቄላ ተተክቶ ቀኙም በተራው እንዲለቅም ይደረጋል። ዶቃና ኩብ ከአሥር ደቂቃ በላይ የማይዘው ልጅ ከአያቱ ጋር ምስር ሲለቅም ወሬዋን እየሰማ ይቆያል።

ደሴ ብርዳም ከተማ በመሆኗ ሹራብና ጃኬት የየጠዋቱ ፈተናችን ነበሩ። ለቁልፍ የተጠቀመችበት ዘዴ ከመጨረሻው እርምጃ ጀምሮ ወደ ኋላ መሄድ ነው፤ ቁልፉን እኛ እስከ ግማሽ እናስገባና እሱ ስቦ ብቻ ያወጣዋል፣ ይህን ሲችል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ልጁ ሁልጊዜ የሚጨርሰው እሱ በመሆኑ አያለቅስም። ለዚፑ መያዣ የቁልፍ ቀለበት ታሠረለት። መጸዳጃ ቤት ቁጢጥ ብሎ ለመቀመጥና ለመነሣት ግድግዳው ላይ በቁመቱ ልክ አግዳሚ እንጨት ተመታ፤ ለመታጠብም አንድ ሰው ከማንቆርቆሪያ እያፈሰሰለት ይታጠብ የነበረውን ትተን ቧንቧ የተገጠመለት ባልዲ በርጩማ ላይ አደረግን። ሁለቱም ከአንድ አናጢ የግማሽ ቀን ሥራ በላይ አልጠየቁም።

የመጻፉ ጉዳይ ከላይ እንዳልኩት ደካማው ነው። ባለሙያዋ ሆሄያቱን በሀ ሁ ተራ ሳይሆን በእጅ እንቅስቃሴያቸው መደበቻቸው፤ በቀጥታ ጭረት የሚጻፉትን እንደ ተ እና ነ ያሉትን አስቀድማ፣ ክብ የሚጠይቁትን እንደ ወ እና ዐ ያሉትን አስከተለች፣ ሁለቱን የሚያጣምረውን ቀ ለኋላ አቆየችው። በግራ እጁ ሲጽፍ እጁ የጻፈውን እንዳይሸፍንበት ደብተሩ ላዩ ወደ ቀኝ ዘመም እንዲል፣ ቀኝ መዳፉም ደብተሩን እንዲጫን አስተማረችው፤ ተንጠልጥለው ለሚቀሩት እግሮቹ ብሎኬት አስቀመጥን። ይህ ሁሉ ቤት ውስጥ ይሠራል። ሆኖም ልጁ ከቤት ይልቅ የሚጽፈው ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ልጆች በሚጋሩት ረዥም ዴስክ ላይ ነው፤ ዴስኩን ሳያዩ ስለ መጻፍ ማቀድ ግማሽ ሥራ ነው። ተቋሙ ባለሙያዋን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክበት አሠራር የለውም፤ ደብዳቤ ብቻ ይጽፋል። እኛ የገጠመችን መምህር ደብዳቤውን አንብባ ግራ ክንዱ ጎረቤቱን እንዳይገፋ በዴስኩ ግራ ጫፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ይህ ግን የእሷ ቅንነት እንጂ የአገልግሎቱ ውጤት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ከጣሪያ የተንጠለጠለ ዥዋዥዌ፣ ትልልቅ ኳሶች፣ ብሩሾችና ክብደት ያለው ሰደርያ አሉ። ለክፍያ በቀረብን ቁጥር እንግዳ ተቀባዩ የ«ስሜት ሕዋሳት ማቀናጃ» ጥቅል እንድንገዛና የሁለት ወር ክፍያ አስቀድመን እንድንፈጽም ይወተውተናል፤ ጥቅሙን ሲያስረዳም ከትኩረት ማጣት እስከ ንግግር መዘግየት ሁሉንም ይፈታል ይላል። ዘዴው ልጁ የሚያየውን፣ የሚሰማውንና የሚዳስሰውን አንጎሉ በሚገባ እንዲያቀናጅ በዥዋዥዌና በመሰል ዕቃዎች ማሠራት ነው። መነሻው አሜሪካዊቷ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ጂን ኤይርስ ያፈለቀችው ሐሳብ ሲሆን፣ ሐሳቡ ራሱ የሚናቅ አይደለም፤ ጫጫታ የሚያስጨንቀው ወይም የልብስ ስፌት የሚቆረቁረው ልጅ መኖሩን ወላጅ ሁሉ ያውቃል፣ ለእንዲህ ያለው ልጅ አካባቢውን ማመቻቸትም ይጠቅማል። ነገር ግን የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ የዘዴው ማስረጃ ውስን እንደሆነ ለወላጆች እንዲነገር አሳስቧል፤ ኢዮና ኖቫክና ኢንግሪድ ሆናን በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሰፊ የጥናቶች ግምገማም ጠንካራ ማስረጃ ያገኘው ልጁ ሊሠራው የሚፈልገውን ሥራ ራሱን በማለማመድ፣ ወላጅን በማሠልጠንና በቤት መርሐ ግብር ላይ ነው። ባለሙያዋን በቀጥታ ስጠይቃት ጥቅሉ ለእኛ ልጅ እንደማያስፈልገው ሳትሸሽግ ነገረችኝ። አንድ ተቋም የራሱ ባለሙያ የማትመክረውን ነገር በእንግዳ ተቀባዩ አፍ መሸጡ አሳፋሪ ነው፤ በተለይ ከገጠር መጥቶ፣ በሬ ሸጦ የሚከፍል ወላጅ ዥዋዥዌውን ሲያይ ሕክምናው እሱ እንደሆነ ማመኑ አይቀርም።

ሌሎቹ ቅሬታዎች አነስ ያሉ ናቸው። ክፍሎቹ ያሉት ሊፍት በሌለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መራመድ ለሚቸግራቸው ልጆች የተከፈተ አገልግሎት ደረጃ የሚያስወጣ መሆኑን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል፣ አንድ አባት የአሥር ዓመት ልጁን አዝሎ ሲወጣም አይቻለሁ። ባለሙያዋ አንድ ብቻ በመሆኗ ስትታመም ወይም ለሥልጠና ስትሄድ ሁሉም ቀጠሮ ይቋረጣል፤ ያመለጠ ቀጠሮም ወደ ሌላ ሳምንት ይተላለፋል እንጂ አይተካም። የአንድ ቀጠሮ ክፍያ ከቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ገቢ ይበልጣል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም እዚያ አይሠራም። የጽሑፍ ሪፖርት የሚገኘው ተጠይቆና ተጨማሪ ተከፍሎበት ነው። በአንጻሩ ቀጠሮ በሰዓቱ ይጀመራል፣ ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ወላጅ ውጭ ተቀምጦ እንዲጠብቅ አይደረግም፤ ይህ የመጨረሻው ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም በር ዘግቶ ልጁን ለብቻው የሚያሠራ ባለሙያ፣ ቤት ውስጥ ለሚቀጥለው ልምምድ ምንም አያወርስም።

አገልግሎቱን የምመክረው በተለይ በልጃቸው ላይ ቁርጥ ያለ የዕለት ሥራ ችግር ለሚያዩና ቤት ውስጥ የሚያለማምድ ሰው ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ይህ ሰው አያት፣ ታላቅ እኅት ወይም የቤት ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ቤት ከእኔም ከእናቱም ይልቅ ሥራውን የተሸከመችው አያቱ ናት። ልጁ ገና መራመድ ላይ ያለ ወይም የእግር ድጋፍ የሚያስፈልገው ከሆነ ግን መጀመሪያ ደሴ ወዳለው የአካል ተሐድሶ ማዕከል መሄድ ይሻላል፤ ድጋፉ ሳይሠራ ስለ ሱሪና ስለ ጫማ መልበስ መነጋገር ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል።

የሚሄድ ሰው ልጁ በየቀኑ የሚለብሰውን ሹራብ፣ ጫማውን፣ ደብተሩንና ቢቻል የሚበላበትን ሳህን ይዞ ይሂድ፤ ባለሙያዋ በእነዚህ ስትሠራ በክፍሉ መጫወቻዎች ከምትሠራው ይልቅ ፍሬው ቶሎ ቤት ይደርሳል። ስለ ጥቅሉ ሲጠየቅ ክፍያውን በየቀጠሮው እንደሚፈጽም በትሕትና ይናገር፤ አሻፈረኝ ያለ ሰው አልተመለሰም። ከሐይቅ፣ ከኩታበርና ከኮምቦልቻ የሚመጡ ወላጆች ሰኞ የገበያ ቀን በመሆኑ መንገዱም ታክሲውም ስለሚጨናነቅ ከሰኞ ውጭ ባለው ቀን፣ በተለይም ልጁ ሳይደክም በጠዋቱ ሰዓት ቀጠሮ ቢይዙ ይመረጣል።